ስፖርት ስንሠራ እንዴት እንተንፍስ? ከሩንዳ ዳገት እስከ ካምፓችን ሜዳ

ጠዋት ጠዋት ከየብሎኩ ተጠራርተው ለሶምሶማ የሚወጡ ወጣቶቻችን ቁጥር እየበዛ መሄዱን ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ኳሱም እንደዚያው ነው። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም ከነዚሁ ልጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ምን ላድርግ?» የሚል። አንዳንዱ ሁለት ቀን ሮጦ «ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ይልና ይተወዋል። ሌላው ደግሞ በሽታ ይዞት ሳለ «ልምምድ ስላጣሁ ነው» እያለ ክሊኒክ ሳይሄድ ወራት ያስቆጥራል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፣ ሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ገጻችንን ለትንፋሽ ሰጥተነዋል።

ለመጻፍ ያነሳሳን ናይሮቢ፣ ሩንዳ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። ሩንዳን የማታውቁ ትኖራላችሁና በአጭሩ እንንገራችሁ። ከከተማው መሐል በስተሰሜን፣ የተባበሩት መንግሥታት ትልቁ ግቢ ካለበት ከጊጊሪ ጎን ያለ ሰፈር ነው። ድሮ የቡና እርሻ ነበር። አሁን አምባሳደሮች፣ የዩኤን ሠራተኞችና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ይኖሩበታል። አጥሩ ረጅም ነው፣ በየበሩ አስካሪ ቆሟል፣ መንገዱ በዛፍ የተጋረደና ዳገት ቁልቁለት የበዛበት ነው። በአንድ በኩል ካሩራ ደን ያዋስነዋል። ከ1,000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ይህ ደን ለሕንፃ ሠሪዎች ተቸብችቦ እንዳይቀር እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ዋንጋሪ ማታይ ተደብድበው ጭምር የታገሉለት ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ሴት ማለት ናቸው። ዛሬ ደኑ ውስጥ የናይሮቢ ሯጭ ሁሉ ይርመሰመስበታል። መግቢያው ግን በገንዘብ ነው። እኛ የሮጥነው ነጻ በሆነው አስፋልት ላይ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የመውጫ ፈቃድ ይዞ ናይሮቢ በሄደበት ጊዜ፣ ለዐይን ሕክምና ሪፈር ከተጻፈለት አንድ የካምፓችን ወጣት ጋር ሩንዳ ውስጥ በሾፌርነት የሚሠሩ የሀገራችን ሰው ዘንድ አረፉ። ልጁ በብሎኩ ቡድን ውስጥ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ወዲያ ወዲህ የሚል አማካይ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሦስቱም ለሶምሶማ ወጡ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ልጁ ቀጥ አለ። ወገቡን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ በላይ በላዩ አየር ይስባል።

«ጋሼ፣ ሳንባዬ ያለቀ መሰለኝ» አለ።

ሾፌሩ በወጣትነታቸው አገር ቤት ለአንድ ክለብ ይሮጡ ነበር፣ አሁን ወደ ስድሳ ተጠግተዋል። ሳቁበት። «አንተ ልጅ፣ ሳንባህ ምን ሆነ? የያዝከውን አየር መቼ አስወጣህና ነው ሌላ የምታስገባው! እስቲ መጀመሪያ አውጣ። ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው፣ ግን በዝግታ፣ እፍፍፍ በል» አሉት። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ጆሮው ድረስ ወጥቶ የነበረው ትከሻው ወረደ፣ ደረቱም ረጋ።

የሾፌሩ ምክር ተራ ምክር አይደለም። ብዙዎቻችን ትንፋሽ ሲያጥረን አየር ያነሰን ይመስለናል፣ ስለዚህም ቶሎ ቶሎ እንስባለን። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከምንስበው አየር ውስጥ 21 ከመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምናስወጣው አየር ውስጥ ደግሞ ገና 16 ከመቶ ያህል ኦክስጅን ይቀራል። ማለትም ያስገባነውን እንኳ አልጨረስነውም። «ተንፍስ! ተንፍስ!» እያለ የሚያስጨንቀን በብዛት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን፣ ጡንቻችን ሲሠራ የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደማችን ውስጥ መከማቸቱ ነው። እሱ ደግሞ የሚወጣው በማስወጣት እንጂ በመሳብ አይደለም።

ሌላም አለ። አንድ ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ በአንድ ጊዜ የሚስበው ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚያህለው፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ ብቻ ተመላልሶ ይወጣል፤ ደም ጋ ሳይደርስ ማለት ነው። እንግዲህ እንደ ደከመ ውሻ ለሐጭ ለሐጭ እያልን በአጭር በአጭሩ ስንተነፍስ፣ ያቺ ብርጭቆ በየትንፋሹ ትባክናለች፣ ለደም የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ረዘም ያለ አንድ ትንፋሽ ከሁለት አጫጭር ትንፋሾች ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንተነፍሳለን። ጠንክረን ስንሮጥ 40 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፣ በደቂቃ የሚገባው የሚወጣው አየርም ከመቶ ሊትር ሊያልፍ ይችላል። መፍጠኑ አይቀርም። የሚፈለገው እየፈጠነም ጥልቀቱን እንዳያጣ ነው።

ታዲያ ካምፕ ውስጥ ዘጠና ደቂቃ የሚጫወት ልጅ ሩንዳ ላይ በአስር ደቂቃ ምን ነካው? ካኩማ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ሩንዳ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢኬድ ያው 21 ከመቶ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን አየሩ ራሱ ይሳሳል። ሩንዳ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ አራተኛ ያህል። ተቀምጠው ሲያወሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ሲሮጡ ነው የሚታወቀው።

ልጁ «እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ ነበር። ትውልዱ እውነት ነው፣ ያደገው ግን ቆላ ነው። ሰውነታችን ደጋ ላይ ስንከርም በሳምንታት ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን የደም ክፍል ያበዛል፣ ቆላ ስንወርድ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሰዋል። የዘር ጉዳይ የለም ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት 95 ከመቶ ገደማ ሆኖ እንዳገኘው ይታወቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። ተመራማሪዎችን ያስገረመ ነገር ነበር። ቢሆንም የአያት ተራራ ለልጅ ልጁ ጠዋት ሮጦ አይሰጥለትም፤ ልምምዱ የየራስ ነው።

የከፍታን ነገር ካነሳን የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማስታወስ ግድ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት። በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ የኛው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጡ። የብዙ የዓለም ክብረ ወሰኖች ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ ተዝለፍልፎ ወደቀና ኦክስጅን ተደረገለት። ክላርክ መተንፈስ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? በፍጹም። ሰውነቱ ያልለመደው አየር ስለነበረ ነው። ማሞ በሳምንቱ ማራቶኑን አሸነፈ። ስለዚህ ለሕክምናም ሆነ ለኢንተርቪው ናይሮቢ የምትወጡ ስፖርተኞች፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ዳገት ላይ በእርምጃ ሂዱ፣ ነውር የለውም።

ይህን ጉዞ ከኛው ካምፕ ተነስተው በትልቁ የተጓዙትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የማራቶን ሯጯ ቴግላ ሎሩፔ ያቋቋመችው ድርጅት ካኩማ ላይ የማጣሪያ ውድድር ሲያካሂድ ከሮጡት ብዙዎቹ ጫማ አልነበራቸውም። የተመረጡት ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ወዳለው፣ ከሩንዳም ከፍ ወደሚለው ወደ ንጎንግ ተወስደው ሠለጠኑ። ከነሱ አምስቱ፣ ባዶ እግሯን ሮጣ የተመረጠችው ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በተወዳደረው የመጀመሪያው የስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ ገቡ። በዚያው አስር ሰዎች ባሉት ቡድን ውስጥ ሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው የሀገራችን ልጅ ዮናስ ክንዴ ማራቶኑን ሮጦ ጨርሷል። ይህን የምንነግራችሁ ሁሉም ሰው ኦሎምፒክ ይሄዳል ብለን አይደለም። ሆኖም ማጣሪያ መጣ በተባለ ዕለት ገና የመጀመሪያው ዙር ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሚወጣ ልጅ ብናይ ይቆጨናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሳትሮጡ ተለማመዱት። ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተጋደሙ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ሌላውን እምብርታችሁ ላይ አኑሩ። በአፍንጫችሁ በዝግታ ስትስቡ ከፍ ማለት ያለበት የሆዳችሁ እጅ ነው፣ የደረታችሁ እጅ እምብዛም መነቃነቅ የለበትም። ከሳንባችን በታች ድያፍራም የሚባል እንደ ድንኳን ጣሪያ የተወጠረ ጡንቻ አለ። ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ ቦታ አግኝቶ ይሰፋል፣ ሆድም ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚያ ከንፈርን ጠበብ አድርጎ ከሳባችሁበት ጊዜ በሚረዝም ጊዜ ማስወጣት ነው። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት። ሕፃን ልጅ ተኝቶ ሲተነፍስ ተመልከቱ፣ ሆዱ ነው የሚነፋው። ስናድግ ነው የምንረሳው።

እዚህ ላይ ለእህቶቻችን አንድ ነገር እንበል። መቀነትን ወይም ነጠላን ወገብ ላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮ መሮጥ ድያፍራሙ እንዳይወርድ ያግደዋል። ላላ ይበል። ለወንዶቹም ቀበቶ ያው ነው።

ሲሮጡ ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማስማማት ይረዳል። ለሶምሶማ በሦስት እርምጃ ማስገባት፣ በሦስት እርምጃ ማስወጣት። ፈጠን ሲባል ሁለት በሁለት። የመጨረሻው ፉክክር ላይ ቁጥሩን እርሱት፣ ሰውነት ራሱ ያውቃል። ከዚህ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ፈረስና ሌሎች ባለ አራት እግር እንስሳት ሲጋልቡ በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለመተንፈስ ይገደዳሉ፣ ምክንያቱም የፊት እግራቸው መሬቱን ሲመታ ደረታቸው ይጨመቃል። ሰው ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሮጥ ትንፋሹን እንደፈለገ መከፋፈል ይችላል። ፈጣሪ የሰጠን ነጻነት ነውና እንጠቀምበት። አንዳንድ አሰልጣኞች ይህችን ቁጥር እንደ ሕግ አድርገው ሲጮኹባት እንሰማለን። እኛ አንስማማም። ቁጥሩ መለማመጃ ነው፣ ካልተመቻችሁ ተዉት።

ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። አብሯችሁ ከሚሮጠው ጋር አውሩ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ለጀማሪ የሚሆን ነው። ዘፈን መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ። ሦስት ቃል መናገር ካቃታችሁ ቀንሱ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ይጥራ።

በአፍንጫ ነው በአፍ? የዘወትር ክርክር ነው። አፍንጫ አቧራ ያጣራል፣ አየሩን ያረጥባል፣ ያሞቃል ወይም ያበርዳል። በካምፓችን አቧራ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በዝግታ ስንሮጥ አፍንጫ ይመረጣል። ጠንከር ሲል ግን አፍንጫ ብቻውን አይበቃም፣ አፍም ይከፈት። «አፍህን ዝጋ!» እያሉ ልጅ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ንፋስ የበዛበት ቀን ላይ በላጋው በኩል ከመሮጥ መቅረት ይሻላል። ሌላው የኛ ችግር ጭስ ነው። ጠዋት ሻይ የሚፈላበት ሰዓት ላይ ከሰልና እንጨቱ በየቤቱ ሲለኮስ ጭሱ በብሎኩ ላይ እንደ ጉም ይተኛል። ከዚያ በፊት መውጣት፣ ወይም ከቤቶቹ ራቅ ማለት ነው። የሩንዳ ሰው በዚህ አይቸገርም፣ ዛፉ በዝቷል። እሱም ግን ወደ ሊሙሩ መንገድ ወጣ ካለ የማታቱ ጭስ ይጠብቀዋል።

ጎን ላይ የሚወጋውን ውጋት የማያውቅ የለም። መንስኤው ላይ የሕክምና ሰዎች እስካሁን አልተስማሙም። ሆድ ሞልቶ ወይም ጣፋጭ ለስላሳ ጠጥቶ መሮጥ ግን እንደሚያባብሰው ተደጋግሞ ታይቷል። ኡጋሊም ሆነ እንጀራ ከበላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ከያዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ የሚወጋውን ቦታ በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ በረጅሙ አስወጡ። ይለቃል። ጾመኞች ደግሞ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ ሩጫውን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ብታስጠጉት ውሃው ቶሎ ይደርስላችኋል።

«እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ገጹን እንዳትገልጡት። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ከቧንቧው ስር እሱን ብድግ ማድረግ ክብደት ማንሳት ካልሆነ ምን ይባላል? አብዛኛው ሰው ሲያነሳ ትንፋሹን ያፍናል። በዚያች ቅጽበት የደም ግፊት በኃይል ይወጣል፣ ሲለቅ ደግሞ ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል። ግፊት ላለበት፣ ለአረጋዊና ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። መላው ቀላል ነው። ጎንበስ ስትሉ ሳቡ፣ ስታነሱ «ህህ» ብላችሁ አስወጡ። የሙቀጫ ዘነዘና የሚያነሱ እናቶቻችን ድምፅ የሚያወጡት በከንቱ አልነበረም። ፑሽ አፕ ላይም ያው ነው፣ ስትወርዱ ሳቡ፣ ስትገፉ አስወጡ። ትልልቅ ክብደት አንሺዎች ሆን ብለው ለአፍታ ትንፋሽ ይይዛሉ፣ እውነት ነው። የነሱ ሥራ ሌላ ነው።

ሩጫ ሲያልቅ ወዲያው አትቀመጡ፣ በእርምጃ ሂዱ። ለመቆም ከፈለጋችሁ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይቻላል። ድሮ አሰልጣኞች ይህን ሲያዩ «ተሸነፍክ ማለት ነው፣ እጅህን ራስህ ላይ አድርግ!» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በሴት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናት ግን እጅን ጉልበት ላይ ማድረግ የልብን ምት ቶሎ እንደሚያረጋጋ አሳይቷል።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከላይ ያልነው ሁሉ ለጤነኛ ሰው ነው። በትክክል እየተነፈሳችሁ፣ በዝግታ እየሄዳችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ተለማምዳችሁም ትንፋሻችሁ ካልተሻለ ልምምድ አትጨምሩ፣ ክሊኒክ ሂዱ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከአክታ ጋር ደም ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ተመርመሩ። ቲቢ ይድናል። ኬንያ ውስጥ በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ወራት የሚወስድ በመሆኑ ግን ማቋረጥ አይገባም። በቤት ውስጥ ተጠጋግተን የምንኖር እንደመሆናችን የአንዱ ዝምታ ለሌላው ይተርፋል። ስትሮጡ ደረት የሚጨምድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ወይም ራስን የመሳት ነገር ከመጣ፣ ቁሙ፣ ሰው ጥሩ።

ከሩጫ በኋላ ደረቱ እንደ ፉጨት ሲር ሲር የሚልበት፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ ልጅ ደግሞ አስም ሊኖርበት ይችላል። አስም ያለበት ሰው ስፖርት መሥራት የለበትም የሚባለው ስህተት ነው፤ አስም ይዘው ኦሎምፒክ ያሸነፉ ብዙ ናቸው። የሚያስፈልገው በሐኪም ታይቶ የሚነፋውን መድኃኒት ማግኘትና አጠቃቀሙን መማር ነው። ሐኪም ካዘዘ ከስፖርቱ 15 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ይወሰዳል። ኳስ ሜዳ ስትወጡ ደግሞ መድኃኒቱን ቤት ወይም ሻንጣ ውስጥ አትተዉት። ለአሰልጣኙ ወይም ከመስመር ውጭ ለሚቀመጠው ተቀያሪ አስይዙት፣ የት እንዳለም ጓደኞቻችሁ ይወቁ።